በሁለት ማሽን ሁለት ቁጥር፦ የጉበት ኢላስቶግራፊ ውጤት ሲለያይ የቱን እንመን?

ኢላስቶግራፊ የጉበትን ግትርነት በሞገድ የሚለካ ምርመራ ነው፤ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት የ46 ዓመት ወንድ ሌላ ቦታ ፋይብሮስካን በተባለ የኢላስቶግራፊ መሣሪያ ተለክቶ 7.6 ኪሎፓስካል ወጣለት፤ ያኔ ኤኤልቲ (የጉበት ሕዋሳት ሲጎዱ ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይም) 62 ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ ጠያቂው በክፍላቸው ባለው አልትራሳውንድ በቱዲ ሺር ዌቭ (ግትርነቱን በቀለም ካርታ በሚያሳየው ዘዴ) ሲለኩት አምስቱ ንባቦች 8.4፣ 9.1፣ 11.8፣ 13.7 እና 15.6 ሆኑ፤ ማሽኑም ሚዲያኑን፣ ማለትም የመሐሉን ቁጥር፣ 11.8 ብሎ ሰጠ። የዕለቱ ኤኤልቲ 210፣ ሌላው የጉበት ኢንዛይም ኤኤስቲ 120፣ ፕሌትሌት (ደም አርጊ ሕዋሳት) 190 ሺህ ነው። ታካሚው ቁርስ በልቶ ነው የመጣው። የመለኪያ ሳጥኑ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተቀምጧል፤ ትንፋሹንም በረዥሙ ስቦ እንዲይዝ ተነግሮታል። «ጉበቱ በ3 ሳምንት ይህን ያህል ሊባባስ ይችላል ወይ? የቱን ቁጥር ልመን? ለሐኪሙስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልሱን ላስቀድም። ፋይብሮሲስ፣ ማለትም የጉበት ጠባሳ፣ በ3 ሳምንት እንዲህ አይገሰግስም። የእርስዎ 11.8 ጉበቱን፣ ቁርሱን፣ ትንፋሹን፣ ብግነቱንና የሳጥኑን ጥልቀት አንድ ላይ ደምሮ የሰጠ ቁጥር ስለሆነ የፋይብሮሲስ ደረጃ ተደርጎ መላክ የለበትም። 7.6ም ቢሆን እንዴት እንደተለካ ሳይታይ በጭፍን አይታመንም፤ ከሁለቱ ግን ለእውነቱ የሚቀርበው እሱ ይመስላል። ደግነቱ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የሕክምናው ውሳኔ በሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ላይ አልተንጠለጠለም።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚለካ ግልጽ ይሁን። የሚለካው ፍጥነት ነው። ቲሹ ሲገፋ ከግፊቱ መስመር ወደ ጎን የሚሰራጭ ሞገድ ይነሣል፤ ሺር ዌቭ የሚባለው ይህ ነው። ጤናማ ጉበት ውስጥ በሰከንድ ከ1 ሜትር ብዙም አይርቅም። የአልትራሳውንዱ ድምፅ ደግሞ በሰከንድ 1540 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከሺህ ጊዜ በላይ ስለሚፈጥን ያንን ዘገምተኛ ሞገድ እግር በእግር ተከትሎ ሊያየው ይችላል። ቲሹው በገተረ ቁጥር ሞገዱ ይፈጥናል። ወደ ኪሎፓስካል የሚቀየረው ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን እንደገና በ3 በማባዛት ነው። የእርስዎ 11.8 ኪሎፓስካል 1.98 ሜትር በሰከንድ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ግትርነት» የምለው ሆን ብዬ ነው። «ጥንካሬ» ብለን ስንጽፍ ውጤቱ ከፍ ያለለት ታካሚ «ጉበቴ ጠንካራ ነው ተባልኩ» ብሎ ተደስቶ ይሄዳል።

ጉበት በቀላሉ በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ደም የሞላው አካል ነው። ስለዚህ ከውስጥ ግፊቱን የሚጨምር ማንኛውም ነገር ጠባሳ ሳይኖር ሞገዱን ያፈጥነዋል። የደም መመለሻው ሲጨናነቅ፣ ሐሞት መውጫ ሲያጣ፣ ሕዋሳቱ ሲያብጡ፣ ምግብ ተበልቶ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ሲበዛ ማሽኑ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞገዱ መፍጠኑን። ምክንያቱን መለየት የለኪው ሥራ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልኬት እንግባ። ቁርሱ ቀላሉ ነው። ከምግብ በኋላ በፖርታል ቬን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚያደርሰው ሥር) የሚገባው ደም ይጨምራል፤ የግትርነት ንባቡም አብሮ ይወጣል። ጭማሪው ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም፤ ጠባሳ ባለው ጉበት ላይ የባሰ ስለሆነ «ይህን ያህል ልቀንስለት» ብሎ ማስተካከል አይቻልም። የአሜሪካ የአልትራሳውንድ ራዲዮሎጂስቶች ማኅበር 4 ሰዓት መጾምን ይመክራል፤ 2 ወይም 3 ሰዓት ይበቃል የሚሉ መመሪያዎችም አሉ። 4 ሰዓት ብሎ መያዝ ማንንም አይጎዳም። ጠዋት ሳይበላ እንዲመጣ ማድረግ ከሁሉ ይቀልላል። ደረጃ ወጥቶ ወይም ሮጦ የደረሰ ሰው ደግሞ 10 ደቂቃ ያህል አርፎ ይለካ።

ትንፋሹ ብዙዎች የሚስቱት ነው። ለተራው የሆድ አልትራሳውንድ «በረዥሙ ሳብና ያዝ» ማለት ልማዳችን ነው፤ ጉበቱ ከጎድን አጥንቶች በታች ወርዶ ጥሩ ምስል ይሰጠናልና። ለኢላስቶግራፊ ግን ያው ልማድ ይጎዳል። በረዥሙ ስቦ ሲያምቅ ደም ከጉበት ወደ ልብ የሚመለስበት ግፊት ይለወጣል፤ ንባቡም ከፍ ይላል። ትክክለኛው ተራ ትንፋሽ እየተነፈሰ ሳለ «አቁም» ሲባል ባለበት ማቆም ነው። ቱዲ ላይ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይበቃል። ከመለካቱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ያለማምዱት፤ በልምምዱ ላይ ደረቱ ከፍ ብሎ ከቆመ ትእዛዙ አልገባውም ማለት ነው።

ጥልቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አምስቱ ንባቦች እንዲህ የተበታተኑት በዋናነት በእሱ ይመስለኛል። ቱዲም ሆነ ነጥብ ሺር ዌቭ (በአንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው ዘዴ) ሞገዱን የሚያስነሡት በአልትራሳውንድ ጨረር ግፊት ነው። ግፊቱ ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይቆያል፤ ቲሹውን የሚያንቀሳቅሰውም በማይክሮሜትር ብቻ ነው። በኮንቬክስ ፕሮብ (ለሆድ በሚያገለግለው ጥምዝ መዳሰሻ) ይህ ግፊት የሚበረታው ከፕሮቡ ከ4 እስከ 4.5 ሴንቲሜትር ባለው ርቀት ነው። 6 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ተዳክሟል፤ ጉበቱ ስብ ካለበት ደግሞ ቀድሞ ይዳከማል። 7 ላይ የነበረው ሞገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ማሽኑ ሞገዱንና የጀርባ ጫጫታውን ለመለየት ሲታገል ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈናጠራል። ከ8.4 እስከ 15.6 የተዘረጋው ንባብ የዚህ መልክ አለው።

ከመጠን በላይ ወደ ላይ መጠጋትም የራሱ ችግር አለው። ከጉበቱ ሽፋን በታች ያለው የመጀመሪያው ሴንቲሜትር የድምፅ ነጸብራቅ የሚደጋገምበት ስለሆነ በሐሰት ግትር ሆኖ ይታያል። ሳጥኑን ከሽፋኑ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር፣ ቢቻል ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ያድርጉት። የተፈቀደልዎ መስኮት ጠባብ ነው፤ ከላይ በሽፋኑ፣ ከታች በ6 ሴንቲሜትር ገደማ የታጠረ። ወደ 7 የወረዱት ከደም ሥር ለመሸሽ ከሆነ መፍትሔው መውረድ ሳይሆን ወደ ሌላ የጎድን አጥንት ክፍተት መዛወር ነበር።

ብግነቱ ደግሞ በቴክኒክ የማይስተካከለው ነው። ላቦራቶሪዎ የኤኤልቲን የላይኛ ወሰን 40 ካደረገ 210 ከ5 እጥፍ በላይ ነው። ከ5 እጥፍ በላይ በሆነ ጊዜ የግትርነት ንባብ የፋይብሮሲስ ደረጃ ለመስጠት እንደማያገለግል መመሪያዎቹ ይስማማሉ፤ ያበጠና በብግነት ሕዋሳት የተሞላ ጉበት ያለ ጠባሳም የሲሮሲስ (ጉበቱን ሙሉ የወረረ ጠባሳ) ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ታካሚው ጾሞ፣ ትንፋሹን አስተካክሎ፣ ሳጥኑም 4.5 ላይ ሆኖ ቢለካ እንኳ ዛሬ የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ፋይብሮሲስ በላይ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ነገ ጠርተው እንዲደግሙት አልመክርም።

አሁን ስርጭቱን እንስላ። አምስቱ በቅደም ተከተል ሲቀመጡ የታችኛው ሩብ 9.1፣ የላይኛው 13.7 ነው። ልዩነታቸው፣ ማለትም አይኪውአር፣ 4.6፤ ለሚዲያኑ 11.8 ሲካፈል 39 በመቶ። በኪሎፓስካል ሲሆን የተፈቀደው እስከ 30 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሽኑን በሜትር በሰከንድ አድርጎ ያንኑ 30 በመቶ ሲጠቀም ነው። ኪሎፓስካል የፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ስርጭቱ በፍጥነት ሲገለጽ በግማሽ ገደማ ያንሳል። የእርስዎ እነዚያው ንባቦች በፍጥነት ሲሰሉ 20 በመቶ ይሆናሉ፤ በ30 ወሰን ቢመዘኑ «ጥሩ ልኬት» ተብለው ባለፉ ነበር። በፍጥነት ሲሠሩ ወሰኑ 15 በመቶ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ወድቀዋል። ሚዲያኑ ዝቅተኛ ሲሆን፣ ለምሳሌ 5 ኪሎፓስካል ላይ፣ ስርጭቱ ትንሽ ሰፋ ቢል ብዙ አያስጨንቅም፤ 8.4 ከሆነ አንድ ውሳኔ፣ 15.6 ከሆነ ሌላ ውሳኔ በሚያመጣበት ክልል ግን ያስጨንቃል።

ማሽኑ ሚዲያን ሰጠኝ ማለት ልኬቱ ተሳካ ማለት አይደለም። ምንም ዓይነት አምስት ቁጥር ቢገባለት ሚዲያን ማውጣቱ አይቀርም።

ደግመው ሲለኩ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ በተራው ጥቁርና ነጭ ምስል (ቢ-ሞድ) ጉበቱን በደንብ ይዩት። የሐሞት ቧንቧዎች ሰፍተው ከሆነ፣ ወይም የጉበት ደም መላሾችና ትልቁ የታችኛው ደም መላሽ ተወጥረው በትንፋሽ የማይጠቡ ከሆነ፣ ከመለካትዎ በፊት መልሱን ግማሽ አግኝተዋል፤ የሐሞት መታገድና የቀኝ ልብ ድካም ግትርነቱን እስከ ሲሮሲስ ክልል ያደርሱታል። ወዲያውም የጉበቱን ጠርዝ፣ የስፕሊኑን (የጣፊያውን) ርዝመትና በሆድ ውስጥ ውኃ መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ።

ታካሚው በጀርባው ይተኛ፤ ካስፈለገ እስከ 30 ዲግሪ ወደ ግራ ያዘንብል። ቀኝ እጁ ከራሱ በላይ ይነሣ፤ ይህ የጎድን አጥንቶቹን ክፍተት ይከፍታል። ፕሮቡን በክፍተቱ አቅጣጫ፣ በቀኙ የጉበት ክፍል ላይ፣ ብዙ ጄል አድርገው ያሳርፉ። በክፍተቱ በኩል ጠበቅ አድርጎ መያዝ ችግር የለውም፤ አጥንቶቹ ግፊቱን ከጉበቱ ይከላከላሉ። ከጎድን አጥንት በታች ገብቶ መለካት ግን እጅዎ ራሱ ጉበቱን እንዲጫነው ያደርጋል። የግራው ክፍል ላይም አይለኩ፤ የልብ ምት ያናውጠዋል፣ ፕሮቡም ይጫነዋል፣ ንባቡም ከቀኙ ከፍ ይላል።

የጉበቱ ሽፋን በምስሉ ላይ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ሆኖ፣ ከፕሮቡ ገጽ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ አንግሉን ያስተካክሉ። መስመሩ የደበዘዘ ወይም የዘመመ ከሆነ ጨረሩ በሰያፍ እየገባ ነው፤ ግፊቱም መለኪያውም ይዛባል። የቀለም ሳጥኑ ውስጥ ትልቅ የደም ሥር፣ የሐሞት ከረጢት፣ የአጥንት ጥላ አይግባ። ትንፋሹን ያስይዙ፤ ቀለሙ እስኪረጋጋ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ከዚያ ምስሉን ያቁሙ። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ፍሬም ብዙውን ጊዜ ያልሰከነ ነው።

ማሽንዎ የጥራት ካርታ ወይም የሞገድ መስመሮችን የሚያሳይ ገጽ ካለው ይክፈቱት። መስመሮቹ ቀጥ ብለው፣ እኩል ተራርቀው የሚሄዱበት ቦታ ይታመናል፤ የተጣመሙበትና የተቆራረጡበት አይታመንም። የመለኪያ ክቡን፣ ስፋቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር፣ እዚያ ጥሩው ቦታ ላይ ያኑሩት። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ «በሽታውን ላግኘው» ብሎ ቀይ ወደሆነው ነጥብ መሄድ። ቀይ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው፤ የምንፈልገው ደግሞ ወጥ የሆነውን የጉበቱን ሰፊ ክፍል ነው። የቀለም መለኪያውን ወሰን ከታካሚ ታካሚ አይቀያይሩ፤ በ0–10 ወሰን ቀይ የሆነው ጉበት በ0–40 ወሰን ሰማያዊ ነው።

የጥራት መመዘኛ ያለው ቱዲ ላይ 5 ልኬት ይበቃል። ነጥብ ሺር ዌቭና ፋይብሮስካን ላይ 10 ናቸው። ለእያንዳንዱ ልኬት አዲስ ፍሬም፣ አዲስ ትንፋሽ፤ ባንድ በቆመ ምስል ላይ ክቡን አምስት ቦታ እያዞሩ መለካት አምስት ልኬት አይባልም። የተበላሸውን ፍሬም መጣል ይቻላል፣ ግን ምስሉን አይቶ እንጂ ቁጥሩን አይቶ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 5 ስርጭታቸው ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ ክፍተቱን ቀይረው እስከ 10 ይቀጥሉ። ያም ካልተስተካከለ «አልተሳካም» ብሎ መጻፍ ሙሉ መብትዎ ነው።

ሁለቱን ማሽኖች ስለማወዳደር። ፋይብሮስካን በ2003 ለገበያ የቀረበ የፈረንሳይ መሣሪያ ሲሆን ቆዳውን ከውጭ በ50 ኸርዝ ይመታል። የእርስዎ ማሽን በጨረር ግፊት የሚያስነሣው ሞገድ ብዙና ከፍ ያሉ ድግግሞሾች የተቀላቀሉበት ነው። ጉበት እንደ ላስቲክ ብቻ ሳይሆን እንደ ዝልግልግ ፈሳሽም ስለሚሆን የሞገዱ ፍጥነት በድግግሞሹ ይለያያል፤ ያው ጉበት በሁለቱ ማሽኖች ሁለት ትክክለኛ ቁጥሮች ሊኖሩት ይችላሉ። በአንድ ማሽን ላይ በተከታታይ ሲለካ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ለውጥ ትርጉም አለው ይባላል። ከ7.6 ወደ 11.8 ያለው 55 በመቶ ነው፤ ማሽኑ ግን ስለተቀየረ ይህ ደንብ እዚህ አይሠራም። «ጨምሯል» የሚለው ቃል ራሱ ሪፖርትዎ ላይ መግባት የለበትም።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ በኤምአርአይ ኢላስቶግራፊ በኩል ይመጣል። እሱም በኪሎፓስካል ነው የሚጻፈው፣ ነገር ግን በ3 ያልተባዛውን እሴት ነው የሚሰጠው። 3.6 ኪሎፓስካል በፋይብሮስካን ጤነኛ ጉበት ነው፤ በኤምአርአይ ግን ከመጠነኛ በላይ የሆነ ፋይብሮሲስ ያሳያል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የዘዴው ስም ከሌለ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

የፋይብሮስካኑን ወረቀት ታካሚው እንዲያመጣ ይጠይቁት። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ትክክለኛ ልኬት ተወሰደ፣ አይኪውአር ለሚዲያን ሲካፈል ስንት ነው፣ ፕሮቡ ኤም ነው ወይስ ኤክስኤል። ኤም ከቆዳ ከ25 እስከ 65 ሚሊሜትር፣ ኤክስኤል ከ35 እስከ 75 ሚሊሜትር ባለው ጥልቀት ይለካሉ። ከቆዳ እስከ ጉበቱ ሽፋን ከ25 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ሳለ በኤም ከተለካ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ልኬቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በሆድ ውስጥ ውኃ ካለ ደግሞ የፋይብሮስካን ሞገድ ፈሳሹን አይሻገርም፤ እንዲህ ላለው ሰው የጨረር ግፊት የሚጠቀመው የእርስዎ ዓይነት ማሽን ይሻላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ? ለእርስዎ ዓይነት ማሽን በ2020 የታደሰው የራዲዮሎጂስቶቹ ማኅበር ስምምነት እንዲህ ይከፍላል፦ እስከ 5 ኪሎፓስካል ጤናማ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከ9 በታች ሌላ ምልክት ከሌለ የገፋ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የለም ለማለት ያስችላል፤ ከ9 እስከ 13 ያጠራጥራል፤ ከ13 በላይ አለ ይባላል፤ ከ17 በላይ የፖርታል ግፊት መጨመር ይጠረጠራል። ለፋይብሮስካን ግን ባቬኖ 7 የተባለው የባለሙያዎች ስምምነት በ5 ክፍተት ይሄዳል፦ ከ10 በታች የለም፣ ከ10 እስከ 15 ያጠራጥራል፣ ከ15 በላይ በጣም ያሳያል፣ ከ25 በላይ ጉልህ የፖርታል ግፊት አለ። ፕሌትሌት 150 ሺህና ከዚያ በላይ ሆኖ ንባቡ 15 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጉልህ የፖርታል ግፊት የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱን ሠንጠረዦች ማደባለቅ በየሪፖርቱ የማየው ስህተት ነው፤ የአንዱን ቁጥር በሌላው ወሰን አይተርጉሙ።

በደም ምርመራው ልደግፈው ቢሉም ዛሬ አይረዳዎትም። ኤኤስቲ 120ን፣ የላይኛ ወሰኑን 40 ወስደን፣ ከኤኤስቲና ከፕሌትሌት የሚወጣውን አፕሪን ብንሰላ 1.58 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 የሄፓታይተስ ቢ መመሪያው ከ1 በላይ ለሲሮሲስ ይጠቁማል ይላል። ዕድሜንና ኤኤልቲን የሚጨምረው ፊብ-4 ደግሞ 2.0 ገደማ ይሆናል፤ ከ1.3 እስከ 2.67 ባለው የማያስወስን ክልል። ሁለቱም ስሌቶች ውስጥ ኤኤስቲ አለበት፣ ኤኤስቲውን ያነሣው ደግሞ ያው ብግነት ነው። ኢላስቶግራፊና አፕሪ ተስማሙ ብለን ብንደሰት ሁለት ምስክር ሳይሆን አንድን ምስክር ሁለት ጊዜ መስማታችን ነው። ከብግነቱ ነጻ የሆነ ማስረጃ የሚሰጡት የፕሌትሌቱ ቁጥር፣ የስፕሊኑ መጠንና የጉበቱ ጠርዝ ናቸው። 190 ሺህ ፕሌትሌት ወደ ሲሮሲስ አያጋድልም።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በፋይብሮስካን ከ7 ኪሎፓስካል በላይ የሆነውን ጉልህ ፋይብሮሲስ ብሎ ለሕክምና ያበቃዋል። የመጀመሪያው 7.6 ልኬቱ ደህና ከነበረ ይህን ሰው በር አድርሶታል። የቫይረሱ መጠን በሚሊሊትር ከ2000 ዓለም አቀፍ ዩኒት በላይ ሆኖ ኤኤልቲ ከመደበኛው ካለፈም ያለ ኢላስቶግራፊ ሕክምና ይገባዋል። ስለዚህ ሐኪሙን ከእርስዎ ቁጥር ይልቅ የሚያስቸኩለው የኤኤልቲው መዝለል ነው፤ ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋት ምርመራ፣ የቫይረሱ መጠን፣ የዴልታ ቫይረስ (ሄፓታይተስ ዲ)፣ አዲስ የተወሰደ መድኃኒት ወይም መጠጥ መታየት አለባቸው። የእርስዎ ልኬት የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሲሮሲስ አለ ወይስ የለም፣ የጉበት ካንሰር ክትትሉስ በየ6 ወሩ ይጀመር ወይ። ያ ጥያቄ ጥቂት ወራት መጠበቅ ይችላል፤ ብግነቱ አይችልም። በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በቤተሰብ ታሪክ፣ ክትትሉ የሚገባው ከሆነ ደግሞ የኢላስቶግራፊውን ውጤት አይጠብቅም።

ሪፖርቱን እንዲህ አድርገው ይጻፉት፦ «ቱዲ ሺር ዌቭ፣ የቀኝ ጉበት፣ በጎድን አጥንቶች መካከል። ታካሚው አልጾመም። 5 ልኬት፣ ሚዲያን 11.8 ኪሎፓስካል ወይም 1.98 ሜትር በሰከንድ፣ አይኪውአር ለሚዲያን 39 በመቶ። ልኬቱ የጥራት መመዘኛውን አላሟላም፤ ኤኤልቲም ከመደበኛው ወሰን ከ5 እጥፍ በላይ ስለሆነ ግትርነቱ ከፋይብሮሲሱ በላይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለፋይብሮሲስ ደረጃ መስጫ አያገለግልም። ከሌላ ማሽን ውጤት ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ኤኤልቲ ሲወርድ በዚሁ ማሽን፣ 4 ሰዓት ጾሞ እንዲደገም ይመከራል።» የማሽኑን ሞዴልና የፕሮቡን ስም ይጨምሩበት፤ ከዓመት በኋላ ለሚያወዳድረው ሰው ያስፈልጉታል። «ኤፍ2» ወይም «ኤፍ3» የሚል የባዮፕሲ (የጉበት ናሙና ምርመራ) ደረጃ አይጻፉ፤ በመካከለኛዎቹ ደረጃዎች መካከል ያለው መደራረብ ሰፊ ስለሆነ ኢላስቶግራፊ ሊለያቸው አይችልም።

መቼ ይደገም? ኤኤልቲ ቢያንስ ከ5 እጥፍ በታች፣ ቢቻል ወደ ቀድሞው 60ዎቹ ወይም ከዚያ በታች ሲመለስ። ከእንዲህ ያለ የብግነት ፍንዳታ በኋላ ይህ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ሳይሆን ወራት ይወስዳል። ያኔ ልኬቱ ተስተካክሎ ከ9 በታች ከወጣ፣ ሌላ ምልክትም ከሌለ፣ ጥርጣሬው ይዘጋል። ስርጭቱ ጥሩ ሆኖ ከ9 እስከ 13 ከወጣ በፋይብሮስካን መድገም፣ ያም ካላስማማ ባዮፕሲ ይታሰባል።

ሕክምና ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ንባቡ በፍጥነት ይወርዳል፤ አብዛኛው የሚወርደው ብግነቱ ስለበረደ ነው፣ ጠባሳው የሚሟሟው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ወሰኖችም በአብዛኛው ሕክምና ባልጀመሩ ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ከሕክምና በፊት ሲሮሲስ የተረጋገጠበት ሰው በሕክምና ላይ ሆኖ 7 ቢያስነብብ እንኳ የ6 ወሩ የካንሰር ክትትል አይቋረጥበትም።